የኮቺ ግንብ፤ ስለ ያማኡቺ ካዙቶዮና ስለ ሚስቱ ስለ ቺዮ

ወደ ጃፓን አገር የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ቶኪዮንና ኪዮቶን ነው። እኛም እነዚህን ካየን በኋላ፥ የተሸነፈ ቤት ልጅ የነበረ አንድ ወታደር እንዴት የአገር ጌታ እንደ ሆነ የሚነገርበትን ስፍራ ለማየት ስለ ወደድን፥ ሺኮኩ ወደምትባለው ደሴት ተሻገርን። ከኦካያማ ከተማ የሚነሣው ባቡር በ1988 ዓ.ም. በተከፈተው በታላቁ የሴቶ ድልድይ ባሕሩን ይሻገራል። ከዚያ ወዲያ ሸለቆው እየጠበበ፥ ወንዙም ከገደሉ ሥር አረንጓዴ ሆኖ እየታየ፥ ባቡሩ ከአንዱ ዋሻ ወጥቶ ወደ ሌላው እየገባ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ተራራው ሲያልቅ ሜዳና ሰፊ ሰማይ ይገለጣል፤ ይህም በጥንት ስሙ ቶሳ ይባል የነበረው፥ ዛሬ ኮቺ የሚባለው አውራጃ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንደ ጻፍናቸው አንባቢ ይወቅልን።

የደረስንበት ቀን እሑድ ነበረ፤ በኮቺም የእሑድ ገበያ ከ1690 ዓ.ም. ጀምሮ የቈየ ልማድ ነው። ወደ ግንቡ በር በሚወስደው ሰፊ መንገድ ላይ ገበያው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ይውላል። በዚያም ዝንጅብልና አትክልት፥ ዩዙ የሚባለው ሽታው ያማረ የሎሚ ዓይነት፥ የቶሳ ቀጥቃጮች የሠሩት ቢላዋና ማጭድ በየረድፉ ይሸጣል። ከሻጮቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ የባላገር ሴቶች ናቸው፤ ገዢውን እንደ ዘመድ እየተቀበሉ ያነጋግሩታል።

ገበያውን አልፈን ወደ ታላቁ በር ስንቀርብ፥ የጦር ልብስ ለብሶ ጦር ይዞ በፈረስ የተቀመጠ የአንድ ጌታ ሐውልት አየን። ይህ የቶሳ የመጀመሪያው ጌታ የያማኡቺ ካዙቶዮ ሐውልት ነው። በ1913 ዓ.ም. ቆሞ የነበረው የፊተኛው ሐውልት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረቱ ለጦር ሥራ ስለ ተፈለገ ተወሰደ፤ ይህ አሁን የሚታየው በ1996 ዓ.ም. እንደገና የተሠራ ነው። በበሩ ገብተን የድንጋዩን ደረጃ ጥቂት እንደ ወጣን ደግሞ ሌላ ሐውልት አገኘን፤ አንዲት ሴት ከፈረስ አጠገብ ቆማለች። ጌታ በፈረስ ተቀምጦ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ሚስቱ ግን ለብቻዋ ከፈረስ ጋር ሐውልት የቆመላት ስለ ምን ይሆን ብለን ጠየቅን። የተሰጠንም መልስ ይህን ለመጻፍ ምክንያት ሆነን።

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት ሦስት ቃላት እንተረጕማለን። ሳሙራይ ማለት ጌታውን በሰይፍ የሚያገለግልና ቀለቡን ከጌታው የሚቀበል የጦር ሰው ነው። ዳይምዮ ማለት ግዛት ተሰጥቶት አገር የሚያስተዳድር ጌታ ነው። ኮኩ ማለት ደግሞ 180 ሊትር ያህል ሩዝ ሲሆን፥ ይህም ለአንድ ሰው የዓመት ምግብ ይበቃል ተብሎ ይቈጠር ነበር፤ የሎሌውም ቀለብ የጌታውም ግዛት የሚለካው በዚሁ ነበረ። ካዙቶዮ በ400 ኮኩ ተነሥቶ ከ200 ሺህ በላይ እስከሚቈጠር ግዛት ደረሰ።

የተወለደው በ1545 ወይም በ1546 ዓ.ም. ኦዋሪ በሚባለው አውራጃ ነው። አባቱ ሞሪቶዮ የኢዋኩራ ግንብ ጌታ ከፍ ያለ ሎሌ ነበረ። በዚያ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ በኪዮቶ ክብር እንጂ ኃይል አልነበረውም፤ በየአውራጃው ያሉት መኳንንት እርስ በርሳቸው ይዋጉ፥ ዛሬ ጌታ የነበረው ነገ ስደተኛ ይሆን ነበር። ኦዳ ኖቡናጋ የተባለው ኃይለኛ ጌታ የኢዋኩራን ቤት ወግቶ በ1559 ዓ.ም. አጠፋው፤ በዚያም ጠብ የካዙቶዮ አባትና ታላቅ ወንድሙ ሞቱ። ልጁ ከእናቱ ጋር ተሰደደ። እናቱ በኦሚ አውራጃ ተጠግታ የመንደሩን ልጃገረዶች ስፌት ታስተምር ነበር፤ ከተማሪዎቿም አንዲቱ ቺዮ የምትባለው፥ ኋላ የልጇ ሚስት የሆነችው ናት ይባላል።

ካዙቶዮ በጐለመሰ ጊዜ የገባው በሌላ ቤት ሳይሆን የአባቱን ቤት ባፈረሰው በኖቡናጋ ጭፍራ ውስጥ ነው፤ ተመድቦ የተሰጠውም ኋላ የጃፓን ገዢ ለሆነው ለሂዴዮሺ ነበር። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን። ድል ያደረገው ጌታ የተሸነፈውን ሰው ልጅ ከበሩ አላባረረውም፤ ተቀብሎ እንጀራ ሰጠው እንጂ።

በ1573 ዓ.ም. ኖቡናጋ የአሳኩራን ቤት በወጋ ጊዜ፥ ቶኔዛካ በሚባለው የተራራ መንገድ ላይ አንድ የታወቀ ቀስተኛ ካዙቶዮን ፊቱን መታው። ፍላጻው በጕንጩ ገብቶ እስከ መንጋጋው ዘለቀ። እርሱ ግን ፍላጻው በፊቱ ተተክሎ ሳለ ገሥግሦ ቀስተኛውን ገደለው። ከዚያ በኋላ ጎቶ ኪቺቤ የተባለውን ሎሌውን ፍላጻውን ንቀልልኝ አለው። ኪቺቤ ቢስበው እንቢ አለው፤ በጌታው ፊት ላይ እግሩን አሳርፎ ለመሳብ ጫማውን ሊያወልቅ ቢል፥ ካዙቶዮ እንደ ጫማህ ርገጠኝና ሳብ ብሎ አዘዘው፤ እንደዚያም አድርጎ ነቀለው ይባላል። ካዙቶዮ ለዚህ ሥራው 400 ኮኩ ተሰጠው። የጎቶ ቤተ ሰብም የፍላጻውን ጫፍና ያን የሣር ጫማ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ክብር አድርጎ ጠበቀ። ጌታ በሎሌው ጫማ መረገጡን እንደ ውርደት ያልቈጠረበት፥ ሎሌውም ጫማውን እንደ ሽልማት ያስቀመጠበት ቤት እንደዚህ ያለ ነበረ።

አሁን ወደ ፈረሱ ነገር እንመለስ። ኖቡናጋ በአዙቺ ግንቡ ተቀምጦ ሳለ አንድ የፈረስ ነጋዴ ከምሥራቅ አገር እጅግ ያማረ ፈረስ ይዞ መጣ። መኳንንቱ ሁሉ አዩት፥ አደነቁት፤ ዋጋውን ሲሰሙ ግን ተመለሱ፤ ነጋዴውም ሳይሸጥ ወደ አገሩ ሊመለስ ሆነ። ካዙቶዮ ወደ ቤቱ ገብቶ፥ ድህነትን የመሰለ ክፉ ነገር የለም፤ እንደዚህ ባለ ፈረስ ላይ ተቀምጬ በጌታዬ ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ብታይ ምንኛ ደስ ባለኝ እያለ ተከዘ። ቺዮም ዋጋው ስንት ነው ብላ ጠየቀችው። አሥር ወርቅ ነው አላት። ተነሥታ ከመስታወት ሣጥኗ ውስጥ አሥሩን ወርቅ አውጥታ በፊቱ አኖረች።

ካዙቶዮ ደስ አለው፤ ነገር ግን ተቈጣም። ይህን ያህል ዘመን ተቸግረን ስንኖር ስለ ወርቁ አንድ ቃል ያልነገርሽኝ እንዴት ያለ የጨከነ ልብ ቢኖርሽ ነው አላት። እርሷም፥ ወደ ባልሽ ቤት ስትገቢ ብለው የሰጡኝ ወገኖቼ ናቸው፤ ለዕለት ችግር እንዳላወጣው፥ የባሌ ትልቅ ጕዳይ የመጣ ዕለት ብቻ እንዳወጣው አደራ ብለውኛል፤ ድህነትን ሌላውም ይችለዋል፥ የዚህ ፈረስ ነገር ግን በጌታው ፊት የሚታይ ነው ብላ መለሰችለት። ፈረሱ ተገዛ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ኖቡናጋ ፈረሰኞቹን በኪዮቶ ባሰለፈ ጊዜ ፈረሱን አይቶ የማን እንደ ሆነ ጠየቀ። በነገሩትም ጊዜ፥ እንደዚህ ያለ ድኻ ሳሙራይ ፈረሱን ገዝቶ ነጋዴው የኦዳ ቤት ሰው ፈረስ መግዛት አቃተው ብሎ እንዳያወራ ስማችንን አዳነ ብሎ አመሰገነው ይባላል። ይህ ሰልፍ በ1581 ዓ.ም. የተደረገው ታላቁ የኪዮቶ ሰልፍ እንደ ሆነ ይነገራል።

በፍርድ ቤት መዝገብ የሚጽፍ ሰው በዓይኑ ያየ ምስክርና ከሰማ የሰማ ምስክር እኵል እንዳይደሉ ያውቃል። የፈረሱ ታሪክ በታወቀ መጽሐፍ ተጽፎ የሚገኘው በ1702 ዓ.ም. አራይ ሃኩሴኪ የተባለው ሊቅ ስለ ዳይምዮች ቤቶች በጻፈው መጽሐፍ ነው፤ ይህም ነገሩ ሆነ ከተባለበት ጊዜ ከ100 ዓመት በላይ የራቀ ነው። የሚስቲቱም ስም ቺዮ መሆኑ በልማድ የተያዘ እንጂ የተረጋገጠ አይደለም። ኋላም በሜይጂ ዘመንና ከዚያ በኋላ የጃፓን ትምህርት ቤቶች ታሪኩን የመልካም ሚስት ምሳሌ አድርገው ለልጆች ያስተምሩት ነበር፤ ስለዚህ እየተወለወለ የመጣ ታሪክ ነው። እንግዲህ የምንቀበለው እያንዳንዱን ቃል ሳይሆን፥ የቶሳ ሰዎች ስለ ጌታቸው ቤት መነሻ ሊያስታውሱት የመረጡትን ነገር ነው።

ሂዴዮሺ ከኖቡናጋ በኋላ አገሩን በያዘ ጊዜ ካዙቶዮም አብሮ ከፍ አለ። በ1585 ዓ.ም. በቢዋ ሐይቅ ዳር ያለው የናጋሃማ ግንብ ከ20 ሺህ ኮኩ ጋር ተሰጠው፤ ያን ጊዜ ዳይምዮ ተባለ። ይሁን እንጂ ደስታው ብዙ አልቈየም። በ1586 ዓ.ም. በጥር ወር ታላቅ የምድር መናወጥ ሆነና ቤቱ ፈረሰ፤ ከፍርስራሹም በታች ዮኔ የምትባል አንዲት ልጃቸው ሞተች። በእነርሱ አቈጣጠር ዕድሜዋ ስድስት ዓመት ነበረ። ከዚያ በኋላ ካዙቶዮና ቺዮ ሌላ ልጅ አልወለዱም።

በዚያ ዘመን ብዙ ጌታ ልጅ ያጣ እንደ ሆነ ሌላ ሴት ያስቀምጥ ነበር፤ ካዙቶዮ ግን ቍባት አስቀመጠ ተብሎ አይነገርም። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ተጥሎ የተገኘ አንድ ሕፃን ወደ ቤታቸው አስገብተው አሳደጉት። ይህ ልጅ ለጌትነት ወራሽ አልተደረገም፤ ለመነኵሴነት ተሰጥቶ ሾናን ተባለ፥ በኪዮቶም በምዮሺንጂ ገዳም የታወቀ ሊቅ ሆነ። የዮኔ እናት የሌላውን ሰው ልጅ በቤቷ አሳድጋ ለትምህርት ማብቃቷ፥ ለእኛ ከአሥሩ ወርቅ ይልቅ የሚበልጥ ሥራ መስሎ ይታየናል።

በ1590 ዓ.ም. ሂዴዮሺ ለካዙቶዮ የካኬጋዋን ግንብ ከ50 ሺህ ኮኩ በላይ ከሆነ ግዛት ጋር ሰጠው። ሂዴዮሺ በ1598 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ በምሥራቅ ቶኩጋዋ ኢዬያሱ፥ በምዕራብ ኢሺዳ ሚትሱናሪ ቆሙ። በ1600 ዓ.ም. ካዙቶዮ ከኢዬያሱ ጋር ወደ ምሥራቅ ዘምቶ ሳለ ቺዮ በኦሳካ በኢሺዳ ወገን እጅ መካከል ቀርታ ነበር፤ የመኳንንቱ ሚስቶች ሁሉ በዚያ እንደ መያዣ ሆነው ይጠበቁ ነበርና።

ቺዮም አንድ መልእክተኛ ላከች። በተዘጋው ሣጥን ውስጥ ባሏን ወደ ምዕራቡ ወገን የሚጠራው ደብዳቤና የራሷ ደብዳቤ ነበረ፤ በመልእክተኛው የቆብ ማሰሪያ ውስጥ ግን ሌላ ትንሽ ወረቀት ተገምዶ ተሸሽጎ ነበር። በእርሱም ውስጥ፥ ሣጥኑን ሳትከፍት ለኢዬያሱ ስጠው፤ ስለ እኔ አታስብ፥ ለጌታህ ታመን የሚል ምክር እንደ ነበረ ይነገራል። ሴት የላከው ጅብ አይፈራም እንዲሉ፥ መልእክተኛው በጠላት በር ሁሉ አልፎ ደረሰ። ካዙቶዮ ትንሹን ወረቀት አንብቦ አቃጠለው፤ ሣጥኑንም እንደ ታሸገ ለኢዬያሱ ሰጠ። ኢዬያሱ የሚስትን ደብዳቤ ሳያነብ አሳልፎ በሰጠ ሰው እንዴት አይታመን? በኦያማ በተደረገውም ምክር ላይ ካዙቶዮ ተነሥቶ፥ በመንገዱ ላይ ያለውን የካኬጋዋን ግንብ ከነእህሉ ለኢዬያሱ እሰጣለሁ አለ፤ በመንገዱ ላይ ግንብ የነበራቸው ሌሎቹም ጌቶች ተከተሉት ይባላል። ይህን ሐሳብ አስቀድሞ ያመነጨው ሆሪዮ ታዳኡጂ የሚባል ወጣት ጌታ ነው፥ ካዙቶዮ ከእርሱ ሰምቶ ቀድሞ ተናገረው የሚሉም አሉ።

በሴኪጋሃራ ጦርነት ካዙቶዮ ይህን ያህል የሚነገር የጦር ሥራ አልሠራም፤ ሆኖም ኢዬያሱ ድል ካደረገ በኋላ መላውን ቶሳን ሰጠው። ግዛቱ በመጀመሪያ 98 ሺህ ኮኩ ተባለ፤ ኋላ 202 ሺህ 600 ኮኩ ሆኖ ተቈጠረ። ስለዚህ አገሩን ያገኘው ከሰይፍ ይልቅ በታማኝነት ነው፤ ለታማኝነቱም ማስረጃ የሆነው የሚስቱ ምክር ነው። የቤተ ሰብ ታሪክ ብቻ ብንጽፍ ኖሮ ነገራችንን በዚህ ላይ ፈጽመን ሴቶችን አመስግነን በተሰናበትን ነበር። ነገር ግን ለአንድ ጌታ የሚሰጥ አገር ባዶ አይደለም፤ ሰው አለበት።

በማግሥቱ ከከተማው ወጥተን ወደ ባሕሩ ዳር ወደ ካትሱራሃማ ወረድን። ጥድ ያለበት ኰረብታና የተጠማዘዘ የአሸዋ ዳርቻ አለው፤ ከፊቱም የሰላማዊ ውቅያኖስ ማዕበል ሳያቋርጥ ይመታል። ከላይ ባለው ኰረብታ ላይ የኡራዶ ግንብ ነበረ፤ ይህም ከካዙቶዮ በፊት ቶሳን ይገዛ የነበረው የቾሶካቤ ቤት መቀመጫ ነው። ቾሶካቤ ሞሪቺካ በሴኪጋሃራ ከምዕራቡ ወገን ስለ ነበረ አገሩ ተነጠቀ። ለእርሱ ያደሩት ወታደሮች ኢችርዮ ጉሶኩ ይባሉ ነበር፤ በሰላም ጊዜ እርሻቸውን የሚያርሱ፥ ጦርና የጦር ልብሳቸውን በእርሻቸው ዳር የሚያኖሩ፥ ጥሪ ሲመጣ ማረሻቸውን ትተው የሚሮጡ ገበሬ ወታደሮች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች የጌታቸው አገር ሁሉ ለሌላ መሰጠቱን በሰሙ ጊዜ ግንቡን አናስረክብም ብለው ከለከሉ፤ ጥቂት እንኳ ለቾሶካቤ ቤት ይተውለት ብለው ለመኑ። በመጨረሻ የገዛ ጌታቸው ታላላቅ ሎሌዎች በብልሃት ከግንቡ ስላስወጧቸው ኃይላቸው ተሰበረ፤ 273 ሰዎች ተገድለው ራሳቸው ወደ ኦሳካ ተላከ። ይህ የሆነው ካዙቶዮ ራሱ አገሩን ከመርገጡ በፊት ነው። እርሱ ግን በ1601 ዓ.ም. ከገባ በኋላ በካትሱራሃማ ሱሞ የሚባለውን የትግል ጨዋታ እንዲያደርጉ አዘዘ። ሕዝቡ ለጨዋታ በተሰበሰበ ጊዜ የሚፈራቸውን የድሮ ወታደሮች ለይቶ አስያዘ፤ 73ቱም ከወደቡ ማዶ ባለው በታኔዛኪ የባሕር ዳር ተሰቀሉ ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። የፊተኞቹ የ273ቱ መታሰቢያ የሆኑ ስድስት የድንጋይ ምስሎች በኡራዶ ቆመዋል። ወደ ባሕሩ ለመዝናናት የሚወርደው ሰው ብዙ ነው፤ ወደ ድንጋዮቹ የሚታጠፈው ጥቂት ነው።

በዚያ ቆመን የካዙቶዮን ሕይወት ከመጀመሪያው ጀምረን በልባችን መለስነው። እርሱ ራሱ የተሸነፈ ቤት ልጅ አልነበረምን? ድል ያደረገው ኖቡናጋ ወደ ጭፍራው ባያስገባው ኖሮ 400ው ኮኩም፥ ፈረሱም፥ ቶሳም ከየት ይመጡ ነበር? ያን ጊዜ ለእርሱ የተከፈተለትን በር እርሱ ለቾሶካቤ ሰዎች ዘጋባቸው። በእርግጥ ፍርሃቱን እናስተውላለን፤ ከካኬጋዋ የተከተሉት ሰዎች ጥቂት ነበሩ፥ የአገሩ ወታደሮች እጅግ ብዙ ነበሩ። ነገር ግን ፍርሃቱ ምክንያት ይሆነዋል እንጂ፥ ሰውን ለጨዋታ ጠርቶ ለስቅላት ማድረግን አያጸድቅለትም።

ከዚያ በኋላ ካዙቶዮ ኡራዶን ትቶ በኦታካሳካ ኰረብታ ላይ አዲስ ግንብ ማሠራት ጀመረ። ሥራው በ1601 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ1603 ዓ.ም. ዋናው ክፍል ስላለቀ ጌታው ገባበት። ኰረብታው በሁለት ወንዞች መካከል ስለሚገኝ በወንዞች መካከል ያለ ተራራ የሚል ስም ሰጡት፤ ጎርፍ ባስቸገራቸው ጊዜ ግን ድምፁን ሳይለውጡ ፊደሉን ወደ ጥበብ ለወጡት፤ ኮቺ የሚባለው የከተማው ስም ከዚህ የመጣ ነው። ግንቡ ሲሠራ ካዙቶዮ ሥራውን ለመጐብኘት በወጣ ቍጥር፥ የትኛው ጌታው እንደ ሆነ እንዳይታወቅ ልብሳቸው አንድ ዓይነት የሆነ አምስት ሰዎች አብረውት ይሄዱ ነበር ይባላል። በቶኔዛካ ፊቱን ለፍላጻ የሰጠው ሰው በገዛ አገሩ ፊቱን ከሕዝቡ የሚሸሽግ ጌታ ሆነ።

ወደ ከተማው ተመልሰን ግንቡን እስከ ላይ ወጣን። የፊተኛው ግንብ በ1727 ዓ.ም. በከተማው ቃጠሎ ጊዜ ጠፍቷል፤ አሁን ያለው ከፍተኛው ግንብ በ1749 ዓ.ም. በጥንቱ አምሳል የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 18 ሜትር ተኩል ነው። በጃፓን ከጥንት ሳይፈርሱ ከቀሩት 12 ከፍተኛ ግንቦች አንዱ ነው፤ ከፍተኛው ግንብና የጌታው እልፍኝ አብረው የቀሩበትም ይህ ብቻ ነው። ቶሳ ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለ ሆነ ውኃው ከግድግዳው ርቆ እንዲወድቅ ከድንጋይ የተሠሩ አሸንዳዎች ከካቡ ወጥተው ይታያሉ። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ከተማው፥ ወንዞቹና ዙሪያውን ያሉት ተራሮች ሁሉ ይታያሉ። ከበሩ ፊት ባለው በ2017 ዓ.ም. በተከፈተው ቤተ መዘክርም ከያማኡቺ ቤት የተረከቡት ከ60 ሺህ በላይ የሆኑ ዕቃዎችና ጽሑፎች ተጠብቀዋል።

ካዙቶዮ በዚህ ግንብ ብዙ አልኖረበትም። በ1605 ዓ.ም. ሞተ፤ ወራሽ ልጅ ስላልነበረው የወንድሙ ልጅ ታዳዮሺ ተተካ። ቺዮ ግን ፀጕሯን ተላጭታ ኬንሾኢን ተብላ መነኰሰች፤ ቶሳንም ትታ በኪዮቶ ምዮሺንጂ ገዳም አጠገብ፥ አሳድጋው ወደ ነበረው መነኵሴ ቀርባ ኖረች፤ በ1617 ዓ.ም. ዐረፈች። ሐውልቷ የቆመው በቶሳ ነው፤ የመጨረሻ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ግን ከልጇ አቅራቢያ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፥ በኡራዶ የሆነው ነገር ለቶሳ ከ260 ዓመት በላይ ቁስል ሆኖ ቈየ። ከካዙቶዮ ጋር የገቡት ቤቶች የላይኛዎቹ ሳሙራዮች ተባሉ፤ የአገሩ ሰዎች ከታች ሆነው ቀሩ፤ ማዕረጋቸውም፥ ሹመታቸውም፥ ክብራቸውም የተለያየ ነበረ። በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ኖናካ ኬንዛን የተባለ የግዛቱ ሹም ነገሩን ጥቂት አስተካከለው፤ ከቾሶካቤ ሰዎች ዘር የሆኑ ባድማ መሬት ቢያቀኑ ጎሺ የሚባል የባላገር ሳሙራይነት ማዕረግ እንዲያገኙ አደረገ። ይህም ለግዛቱ እርሻን፥ ለተጣሉት ሰዎች ስምን ሰጠ። ኋላ ይህ ማዕረግ በገንዘብም የሚገዛ ሆነ። ከነጋዴነት ተነሥቶ ማዕረጉን ካገኘ የጎሺ ቤት በ1836 ዓ.ም. ሳካሞቶ ርዮማ ተወለደ። ርዮማ ግዛቱን ጥሎ ወጥቶ የተጣሉትን ታላላቅ ግዛቶች አስታረቀ፤ 15ኛው የቶሳ ጌታ ያማኡቺ ዮዶም ሾጉኑ ሥልጣኑን ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲመልስ የሚመክረውን ጽሑፍ በ1867 ዓ.ም. አቀረበ። ሾጉኑ ሥልጣኑን መለሰ፤ ርዮማም በዚያው ዓመት በኪዮቶ ተገደለ። በ1871 ዓ.ም. ግዛቶቹ ሁሉ ተሽረው የዳይምዮች ዘመን አለቀ። ዛሬ የርዮማ ሐውልት በካትሱራሃማ ወደ ውቅያኖሱ ፊቱን አዙሮ ቆሟል፤ የመታሰቢያውም ቤት የተሠራው የኡራዶ ግንብ በነበረበት ኰረብታ ላይ ነው።

ከኮቺ ስንነሣ ሁለቱን ሐውልቶች እንደገና አየናቸው። አሥሩን ወርቅ ለክፉ ቀን ያቈየች ሚስት፥ ጫማውን ሳያወልቅ ፍላጻ የነቀለ ሎሌ፥ በቆቡ ማሰሪያ ወረቀት ሸሽጎ የሮጠ መልእክተኛ፤ ካዙቶዮ ከፍ ያለው በእነዚህ ትከሻ ላይ ነው። እርሱም በቤቱ ውስጥ ይህን ዐውቆ አክብሯቸዋል። የጐደለው ነገር ቢኖር፥ ማረሻቸውን ትተው ለጌታቸው የሚሮጡት የቶሳ ገበሬዎችም እንደ ኪቺቤ ያሉ ታማኝ ሰዎች መሆናቸውን አለማየቱ ነው፤ በወደቀ ጌታ ላይ ያልከዳ ሰው ለቆመውም ጌታ ሀብት ነበርና። ከአንባቢዎቻችን መካከል ቤትም ሹመትም ያላችሁ ብዙዎች ናችሁ። ሰው ለሚስቱና ለሎሌው ያለውን እምነት ለተሾመባቸውም ሰዎች ቢያካፍል፥ ከድንጋይ ግንብ ይልቅ የሚጠብቀውን ነገር ሠራ ማለት ነው።